የበልቻለሁ ባዮች ጓዳ

የእኔ መስኮት በቀን ሦስት ጊዜ ይከፈታል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ምግቡ ለብ ብሎ ይመጣል። ጨው የለውም። በልቼ ሳህኑን እመልሳለሁ፣ ሳህኑ ይመዘናል፣ መስኮቱ ይዘጋል። ቦርከና ዳር በተሠሩት የኮምቦልቻ ሕንፃዎች ውስጥ ኩሽና ያለው ቤት የለም። ልጆቹ ኩሽና ምን እንደነበር ስነግራቸው ጢስ የሚታሰርበት ክፍል ይመስላቸዋል።

መስኮቱ የማይከፈትላቸው ሰዎችም አሉ። ጡረታቸው የተቋረጠ፣ ሥራቸውን ማሽን የወሰደባቸው፣ ፋይላቸው አንድ ከተማ ላይ ተቆልፎ የቀረ። እነሱን መለየት ቀላል ነው፤ መስኮታቸው ላይ መጋረጃ ይሰቅላሉ። የሚበላ ሰው ምግብ የሚመጣበትን መስኮት ምን ብሎ ይሸፍናል? አንዳንዱ የልጆቹን ፎቶ ይለጥፍበታል። እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ እንዳያይ ወንበሩን ያዞርለታል። ምሳ በላችሁ ወይ ስትላቸው «ተመስገን፣ በልተናል» ይላሉ። ሊፍቱ እንኳ ያውቃቸዋል፤ መስኮቱ የተዘጋበትን ሰው ጭኖ አይወጣም። ስለዚህ በደረጃ የሚወጣ ሰው ካየሁ አልጠይቀውም። ገብቶኛል።

እኔ ሄራን እባላለሁ። የተወለድኩት በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ነው፤ ዘንድሮ ሰባ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ብሎክ አርባ ሁለትን፣ አሁን የምኖርበትን፣ ብሎኬቱን በጀርባዬ ተሸክሜ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የመሐንዲሱ ስም በሩ ላይ ተጽፏል። የእኔ ወገቤ ላይ ነው የተጻፈው። ሰው በቀላሉ አላደንቅም፤ የማደንቀውን በአንድ እጄ ጣት ብቆጥር ሦስት ጣት ይተርፈኛል። ከሁለቱ አንዷ ሂክማ ናት።

ሂክማ የእድራችን ሰብሳቢ ናት። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ድሮ ነርስ ነበረች፤ ድምጿ ከምድር ቤት ዘጠነኛ ፎቅ ይሰማል። አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሳችና እንዲህ አለች።

«ባለፈው ወር ሦስት ሰው ቀበርን። ድንኳን ተከልን፣ ከየመስኮታችን ቀንሰን ሦስት ሦስት ቀን ለቀስተኛ አበላን። የሦስቱም ሟቾች መስኮት መጋረጃ ነበረው። እኔ ገንዤ ስለማውቅ ነው የምናገረው፤ ሁለቱ ሴቶች እንደ ልጅ ቀለው ነበር የሚነሱት። ሲሞት የምንደግስለትን ሰው በሕይወት እያለ ብናበላው ደንባችን ይፈርሳል?»

ከኋላ አንዱ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ደንቡ ላይ የለም» አለ።

«አንተም ደንቡ ላይ የለህም» አለችው፤ «ግን መጥተህ ተቀምጠሃል።»

በዚያው ሳምንት ምድር ቤት ያለውን የድንኳንና የወንበር መጋዘን አጸዳነው። ጓዳ አልነው። ቤት ውስጥ የሚያበስል ስለሌለ የማይበሰል ነገር ሰበሰብን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ከአፋር የሚመጣ ተምር፣ ለውዝ፣ ዳቦ ቆሎ። መስጊዱ አንድ ጆንያ ሰጠ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይህን ሰምቶ ሁለት ላከ፣ መስጊዱ ያንን ሰምቶ ሦስት። ሂክማ ሁለቱን ወገኖች በየተራ እየጠራች የሌላውን ስጦታ እያሞገሰች ታወራላቸው ነበር። እኔ ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ጆንያ እሸከማለሁ፣ የሚሰደብ ሲኖር እሰድባለሁ።

አሰጣጣችን እንደ እናት አባታችን ነበር። ሰውየው ይመጣል። «ና ያዝ» ትለዋለህ። «ኧረ በልቻለሁ» ይላል። «አፈር ስሆን» ትለዋለህ። «በእውነት ጠግቤያለሁ» ይላል። «በሞቴ፣ ስሞትልህ» ስትለው፣ ሦስተኛው ላይ እጁ ይዘረጋል። ሳይለመን የሚቀበል ባለጌ ነው። ከሦስት በኋላ እምቢ የሚል በእርግጥ የበላ ነው። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለሌለ እኔም አውቀዋለሁ።

ጓዳችን ስሙ ገነነና ወሬው የምግብ ድልድል ማዕከል ደረሰ። ማዕከሉ ደስ አለው። ከእንግዲህ እህሉን እኔ እችላለሁ ብሎ ሙሉ መኪና ላከ፤ ከእህሉ ጋር ደግሞ ሰሚውን ላከ። ሰሚው በሩ ላይ የሚተከል ጠፍጣፋ ነገር ነው። የማዕከሉ ሰዎች ሰሚው ይሉታል፣ እኔ ቆርቆሮው እለዋለሁ። እህሉ ከቆርቆሮው ጀርባ ተቆለፈበት። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም የገበያውም ሰው «ማዕከሉ ይዞላችኋል አይደል» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ስልሳ ሰው ተሰለፈ። ከሁሉም ፊት ጋሽ ያፌት ነበር። ሁለተኛው የማደንቀው ሰው እሱ ነው፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት የባቡሮችን መምጫና መሄጃ ሲያውጅ የኖረው ድምፅ የእሱ ነው፤ በኋላ ድምፁን ቀድተው አስቀሩትና እሱን አሰናበቱት። ዛሬም ጣቢያ ብትሄድ እሱ ነው የሚናገረው። ጡረታው አዋሽ ከተማ ላይ ተቆልፎ ከቀረ አምስት ወሩ ነው። ሁልጊዜ ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነው የሚወጣው።

ቆርቆሮው ፊቱን አይቶ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀው። «እንደምን አደሩ፣ አቶ ያፌት። ዛሬ ምግብ በልተዋል?»

«ተመስገን፣ በልቻለሁ» አለ ጋሽ ያፌት።

«በመስማታችን ደስ ብሎናል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

በሩ አልተከፈተም። ጋሽ ያፌት ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ፈገግ እንዳለ ቆሟል። ቆርቆሮው «አፈር ስሆን» እስኪለው እየጠበቀ ነበር። ከኋላው ያለው ሰልፍም ይጠብቃል። ቆርቆሮው ምንም አላለም። ቀስ ብሎ ፈገግታው ጠፋ፣ ባርኔጣውን አነሳለትና ሄደ። ለቆርቆሮ ባርኔጣ ያነሳ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ እንደዚያው። «በልቻለሁ።» «ኧረ እኔ ለሰላምታ ነው የመጣሁት።» «ለሌላው ይሁን፣ እኔ ደህና ነኝ።» እኔም የሕንፃው ሰው ስለሆንኩ ጠየቀኝ፤ በልቻለሁ አልኩት፤ የእኔው እውነት ነበር። ከስልሳው ሰው በሩ የተከፈተው ለአራት ሕፃናትና ለአንድ ሰካራም ብቻ ነው።

ከማዕከሉ የመጣው ሰውዬ መዳፉ ላይ የሚበራውን ቁጥር አይቶ ተደሰተ። «ብሎክ አርባ ሁለት ረሃብ የለበትም ማለት ነው» አለ።

«ደግመህ ጠይቃቸው እንጂ» አለችው ሂክማ።

«ሰሚው ሰውን ያምናል፣ እትዬ። አንድ ሰው በልቻለሁ ካለ በልቷል። ደጋግሞ መጠየቅ ሰውን መጠራጠር ነው፤ ክብሩን መንካት ነው።» ደንቡንም ነገረን። ሦስት ሐሙስ በተከታታይ በልቻለሁ ያለ ሰው ስሙ ከጓዳው መዝገብ ለአንድ ዓመት ይሰረዛል። ያልመጣም እንደበላ ይቆጠራል።

ሂክማ ለአፍታ አየችው። «አንተስ? ከጠዋት ጀምሮ ቆመሃል፤ በልተሃል?»

«አዎ፣ በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ።»

«ትንሽ ቆሎ ያዝ።»

«አይ፣ በእውነት...»

«በሞቴ። ልጄ አይደለህ? አፈር ስሆን!»

አንድ እፍኝ ተቀበላት። እየቆረጠመ መኪናው ውስጥ ገባ። ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬም የገባው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንዱ፣ «ሄራን፣ አንቺ ከሳህንሽ ለጎረቤትሽ አታካፍይም ነበር?» ይለኝ ይሆናል። ያልሞከርኩ ይመስልሃል? ሁለት ጊዜ ይዤለት ሄጄ ጋሽ ያፌት በሩን ስንጥቅ ያህል ከፍቶ፣ «አሁን ገና ነው የበላሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋብኝ። ከእኔ ከተቀበለ ምጽዋት ነው። የእድሩ ግን የራሱ ነው፤ አርባ ዓመት አዋጥቶበታል። ከጓዳው ካልበላ ከየትም አይበላም። ይህን ከእሱ በላይ እኔ አውቃለሁ፣ ግድግዳችን ስስ ነውና። ሰባት ሰዓት ሲሆን የእኔ መስኮት ይከፈታል፤ ያኔ በግድግዳው ማዶ ማንኪያ ሳህን ሲመታ እሰማለሁ። ኪል፣ ኪል፣ ኪል። ምሳ እየበላ መሆኑን እንድሰማለት። ምግብ ያለበት ሳህን እንደዚያ አይጮህም።

ሂክማ ሰኞ ዕለት ሴቶቹን ሰበሰበች።

«ቆርቆሮው አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ እኛ ደግሞ እውነቱን የምንናገረው ሦስተኛው ላይ ነው» አለች። «ቆርቆሮውን መለወጥ አንችልም። ስለዚህ ሦስቱን ልመና እደጅ እንጨርሰው።»

ሦስት አግዳሚ ወንበር ከድንኳኑ ዕቃ አወጣንና በሰልፉ ላይ አከታትለን አስቀመጥናቸው። እያንዳንዱ ወንበር ላይ ሁለት ሁለት ሴት። በሁለተኛው ሐሙስ ሰልፉ እንደ ሠርግ ቤት ይጮህ ነበር።

«እሜቴ፣ በልተሻል?»

«ኧረ ጠግቤ ሞልቼ!»

«አፈር ስሆን ንገሪኝ።»

«በአላህ ስም በልቻለሁ አልኩሽ።»

«እለፊ፣ ሁለተኛው ወንበር ይለይልሽ!»

ሁለተኛው ላይ ደግሞ፣ «ሰማሁ፣ ጠግበሻል አሉ። ታዲያ መቀነትሽ ለምን ሰፋሽ? በሞቴ አትዋሺኝ» ይባላል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ሲደርሱ እምቢታቸው ተሟጦ ያልቃል። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዳንዷ ትስቃለች። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው እንገፋቸዋለን፣ ቆርቆሮው «በልተዋል?» ሲል ሌላ የቀረ መልስ የላቸውም፤ «አልበላሁም» ይላሉ። በሩም ይከፈታል። አርባ ስድስት ሰው እንዲህ ገባ። ከሰባ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ ውስጥ አንድ ቀን ተመርጦ ይደገምልሽ ብባል ያንን ጠዋት እመርጥ ነበር፤ መጨረሻውን ቆርጬ ጥዬ።

መጨረሻው ጋሽ ያፌት ነው። እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። አንደኛውን በጨዋታ አለፈ፣ ሁለተኛውን በምርቃት አለፈ፣ እኔ ዘንድ ደረሰ። ኮቱ እንደ ሌላ ሰው ኮት ተንጠልጥሎበታል።

«ጋሽ ያፌት፣ በሞቴ» አልኩት።

«አትሙቺ። በልቻለሁ።»

«ስሞትልህ። አፈር ስሆን።»

«ሄራን፣ እንዲህ አያስለምንም፤ እኔ እኮ ጠግቤ ነው።»

ይሄኔ ምላሴ አመለጠኝ። «ባዶ ሳህን በማንኪያ ስትደበድብ እሰማሃለሁ እኮ!» አልኩ። ድምፄ ደግሞ የብሎኬት ሠራተኛ ድምፅ ነው፤ ሰልፉ ሙሉ ሰማ። «ማንን ነው የምታታልለው? እኔን ነው ግድግዳውን?»

ጋሽ ያፌት የኮቱን የላይኛ ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ወደ ቆርቆሮው ሄደና፣ ሳይጠየቅ፣ በዚያ ባቡር በሚጠራበት ድምፅ «በልቻለሁ» አለ። ደረጃውን ብቻውን ወጣ።

ሂክማ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እማማ፣ ምላስሽን ምን ላድርገው?»

«ቁረጪው።»

«ከቆረጥኩትማ ለጓዳው ማን ይሳደብለታል?» አለችና ትከሻዬን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የሚቀረው አንድ ሐሙስ ነው» አለችኝ።

አርብ ሰባት ሰዓት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ማንኪያ የለም። ቅዳሜም የለም። እሑድም። የአንድን ሰው የውሸት ምሳ እንደነጠቅሁ የገባኝ ያኔ ነው።

ማክሰኞ ሂክማ የሦስተኛውን ሐሙስ ደንብ ይዛ መጣች። ሁለት ጊዜ በልቻለሁ ያለ ሰው በሦስተኛው አይጠየቅም፤ ጽሑፍ ይወጣለታል፣ ከተራበ ያንን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ካላነበበ ይሰረዛል። እኛ ብሎክ ውስጥ እንዲህ የቀሩት አሥራ አራት ሰዎች ናቸው፤ ባለ ኮቶቹ፣ ባለ ነጠላዎቹ፣ ድሮ መምህርና ሒሳብ ሹም የነበሩት። ከአሥራ አራቱ አንዷ እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ሐሙስ በልቻለሁ ብዬዋለሁና፤ እኔ ግን እየበላሁ።

«ጽሑፉ ምን ይላል?» አልኳት።

«ዛሬ ምግብ አልበላሁም፣ ርቦኛል፣ ይላል። ጋሽ ያፌት ይህን ከሚያነብ ከፎቁ ቢወድቅ ይመርጣል።» ትንሽ አሰበችና፣ «የሚገርመው፣ ቆርቆሮው ፊት ለፊቱ የቆመውን አይደለም የሚመዘግበው። ጽሑፉን ያነበበውን ድምፅ ነው» አለች።

እሷ ሌላ ወሬ ቀጠለች። እኔ ግን እዚያው ላይ ቀረሁ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ማንበብ አልችልም። ለትምህርት ስደርስ ትምህርት ቤታችን የተፈናቃይ መጠለያ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ ብሎኬት መጣ። መነጽር ግን አለኝ። ሕንፃው ውስጥ ማስታወቂያ ሲለጠፍ መነጽሬን አድርጌ ፊቱ እቆማለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ጋሽ ያፌት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ብቅ ይልና አጠገቤ ቆሞ፣ ለራሱ የሚያነብ መስሎ ጮክ ብሎ ያነባል። «የውኃ ማስታወቂያ፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ...» ሠላሳ ዓመት። አንድ ቀን እንኳ «ሄራን፣ ማንበብ አትችይም እንዴ?» አላለኝም። አንድ ቀን እንኳ ዓይኔን አላየም። እኔ ደግሞ ለዚህ ሰው ሰልፍ ሙሉ ሕዝብ ፊት ያደረግሁለትን ነግሬያችኋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት በሩን አንኳኳሁ። ቆይቶ ከፈተ። ኮቱን ለብሷል፣ ግን ቁልፉ የተዛነፈ ነው። መቃኑን ይዞ ነው የቆመው።

«ይቅርታ ልትጠይቂ ከሆነ አያስፈልግም» አለኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም። ለራሴ ጉዳይ ነው። ቆርቆሮው ዛሬ ጽሑፍ ያወጣልኛል፤ ካላነበብኩ ስሜን ይሰርዘዋል።»

የተዛነፈውን ቁልፍ ሊያቃና ጀመረ።

«ጋሽ ያፌት፣ ማንበብ አልችልም።»

ሲሰማ እንደማፈር አለው፤ ያፈረው ግን ለራሱ አልነበረም፤ ለእኔ ነው። «ይህን ማለት አልነበረብሽም» አለ።

«ብዬዋለሁ። ትመጣለህ አትመጣም?»

ባርኔጣውን አነሳ።

ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ወረድን። በየፎቁ እኔ ነኝ ደከመኝ እያልኩ የማስቆመው። ደጁ ላይ አሥራ ሁለቱ ባለ ኮትና ባለ ነጠላዎች ከሂክማ ጋር ቆመዋል፤ ማንም ወደ ቆርቆሮው መቅረብ አልፈለገም። ሁሉም ለመሰረዝ ቀጠሮ እንደያዘ ሰው ሰዓቱን ነው የሚያየው። እኔ ፊት ወጣሁ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሄራን። እባክዎ የሚታየውን ጽሑፍ ያንብቡ።»

ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። ሂክማ እንድትሰማ፣ ባለ ነጠላዎቹ እንዲሰሙ፣ ዘጠነኛ ፎቅ እንዲሰማ አድርጌ፣ «እኔ ማንበብ አልችልም! አልተማርኩም! ጋሽ ያፌት፣ አንብብልኝ!» አልኩ።

አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሠላሳ ዓመት ማስታወቂያ ፊት ቆሜ ያየችኝ ናት። ጆሮዬ ጋለ። ቆሜ ቻልኩት።

ጋሽ ያፌት መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በሹክሹክታ ጀመረ።

«ድምፅዎ አልተሰማም» አለ ቆርቆሮው። «እባክዎ ከፍ ያድርጉ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ ምግብ...» አለ፣ ቆመ። ዓይኑ ጽሑፉን ቀድሞ ሄዶ ጨርሶታል። ሞኝ አይደለም፤ ባቡር መቼ እንደሚመጣ ሳይነግሩት የሚያውቅ ሰው ነው። ዞሮ አየኝ። ሠላሳ ዓመት ማስታወቂያ ፊት ቆመን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን የተያየነው ያኔ ነው። ቢተወው መተው ይችል ነበር። ሂክማ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ትንፋሿን ይዛለች።

«ምነው?» አልኩት። «እኔን በሕዝብ ፊት ገትረኸኝ ልትቀር ነው?»

ጋሽ ያፌት ወደ ቆርቆሮው ዞረ። ቀና አለ። በዚያ ጣቢያው በቀዳው ድምፅ፣ እያንዳንዷን ቃል እያሳረፈ፣ «ዛሬ ምግብ አልበላሁም። ርቦኛል» አለ።

«እናመሰግናለን፣ አቶ ያፌት» አለ ቆርቆሮው። «ይግቡ። ወይዘሮ ሄራን፣ መልስዎ አልተገኘም፤ ስምዎ ለአንድ ዓመት ተሰርዟል።»

«ያጥፋህ» አልኩት።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ያፌት ገባና ሲወጣ ከረጢት ይዞ ነበር። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አላየውም፤ ሰዉ ሁሉ ድንገት ጫማውን ማየት ጀመረ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ያለው ብሎክ ነው። ከዚያ አፏን ይዛ የነበረችው ሴት፣ ድሮ መምህር የነበረችው፣ መነጽሯን ከዓይኗ ላይ አወለቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አጠገቧ ወዳለው ሒሳብ ሹም ዞረች።

«ዛሬ ዓይኔ አልይዝ ብሎኛል፣ ጋሼ» አለች። «እስቲ እዚያ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ።»

ሰውየው አያት፣ ቆርቆሮውን አየ። «በደስታ» አለ። ቀርቦ ጮክ ብሎ አነበበላት። ለእሱ ተከፈተለት። ሲወጣ ደግሞ እሷ ሌላ ሰው ለመነች፣ ቀጥሎ ሌላው ለሌላው፣ መጨረሻ ላይ የቀረችው ራሷ መምህሯ ስለነበረች ሒሳብ ሹሙ በተራው ለመናትና አነበበችለት። ለራሱ ርቦኛል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ለጎረቤቱ ብሎ አነበበ። አሥራ ሦስቱም በሉ። አሁን ወንዙ ማዶ ባሉት አሥራ አንድ ብሎኮች እንዲህ ነው የሚሠራው። መነጽር ያለው መነጽሩን ቤቱ ጥሎ ይመጣል። ሂክማ ማንም ሳይጠይቃት በየብሎኩ እየዞረች አስተምራለች፤ የማዕከሉ ሰውዬ በከተማው የዓይን ሕመም ገብቷል ብሎ ሐኪም ላከልን። ሐኪሙንም አበላነው፤ ሦስተኛው ላይ ተቀበለ።

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላየሁም። እኔና ጋሽ ያፌት ደረጃውን እየወጣን ነበር። ከረጢቱ አምስት ኪሎ ነው። ሦስት ደረጃ ወጣና ቆመ።

«አታለልሽኝ» አለኝ።

«እኔ? ማንበብ የማልችል ሰው ምን እንደተጻፈ በምን አውቃለሁ?»

«ታውቂ ነበር።»

«ብሎኬት ተሸካሚ ነኝ፣ ጋሽ ያፌት። እንዲህ ያለ ተንኮል እኛ ዘንድ አይደርስም።»

ሳቅ ጀመረና ሳሉ አቋረጠው። ከረጢቱን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። «ከብዶኛል፣ ሄራን» አለ። ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አንስቼ ጀርባዬ ላይ አደረግሁት። ይህን ደረጃ በሸክም አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ ከረጢቱንም አወረድኩለት። አፉን ፈታው። እጁ ውስጥ ገብቶ ቆየ፣ ተምር ይዞ ወጣ። ወደ እኔ አየ፣ ተምሩን አየ፣ አልበላም። ያኔ ጀርባዬን ሰጠሁት። ግድግዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ መነጽሬን አወጣሁና አደረግሁ፣ ፊቱ ቆምኩ። ከኋላዬ ሲያኝክ ሰማሁት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለ።

«ምን ይላል?» አለኝ፣ አፉ ሙሉ ሆኖ።

«ሲበቃህ ታነብልኛለህ» አልኩት። «አትቸኩል።»